ኮምፒውተሩ አልተቃጠለም

እንጅባራ፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ውድ ጢሞቲዎስ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ብጀምር በሰላምታው ተሸሽጌ ዋናውን ነገር ሳልናገር ደብዳቤውን እንደምጨርስ ስለማውቅ፣ ዋናውን አስቀድሜዋለሁ። ኮምፒውተሩ አልተቃጠለም። በጥር ወር ደውለህ ላፕቶፕህ ባሕር ዳር ላይ እንደተሰረቀ፣ ሦስት ዓመት የለቀምሃቸው የአውንጊ ቃላት አብረው እንደሄዱ ነገርኸኝ። «እንኳን ዋናው እዚያ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቀረ» ስትለኝ፣ «እሱንም መብረቅ መትቶ አቃጠለው» ያልሁህ ውሸት ነው። በጥር መብረቅ! አንተ የእንጅባራን ሰማይ ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ። «ሰው ካልተጎዳ ምን ይደረጋል» አልህና ስልኩን ዘጋህ። የመመረቂያ ጽሑፍህ በእነዚያ ቃላት ላይ እንደቆመ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ።

ሰው በሴት ይቀናል፣ በሀብት ይቀናል። እኔ የቀናሁብህ በገዛ እናቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሱቅ አለኝ፣ ጢም አለኝ። እንዳትስቅ ብዬ ልለምንህ አሰብሁና ተውሁት። ሳቅ፤ ይገባሃል።

መናኸሪያው አጠገብ ያችን የኮምፒውተር ጥገናና የፎቶኮፒ ሱቅ አብረን ስንከፍት ወንድም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አንተ አባትህ ከወለጋ፣ እናትህ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ጸሎት ቤቱ አጠገብ የወለዱህ የከተማ ልጅ ነህ፤ ከአውንጊ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። አንድ ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ሥራ ስንፈታ «ና ቤት ሂደን ምሳ እንብላ» አልሁህ። ከእናቴ ከእቴናት ጋር ያስተዋወቅሁህ እኔው ነኝ። አንተ ግቢያችን ውስጥ የታሰረውን ፈረስ አይተህ የእግሩ ገመድ በአውንጊ ምን እንደሚባል ጠየቅሃት። ነገረችህ። ደገምኸው፣ ተሳሳትህ፣ ሳቀች። እማዬ እንዲያ ስትስቅ ካየሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ቆሜ መቁጠር ጀመርሁ።

ከዚያ በኋላ መቅረጫህን ይዘህ ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ልማድህ ሆነ። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። እማዬ «የእሱ ሃይማኖት አያስጾመውም፤ በእኔ ቤት ለምን ይራባል?» ብላ ጎረቤት እንዳያይ ጓዳ ገብታ ወተት ታፈላልህ ነበር። ኩባያህን እንኳ ከጾሙ ዕቃ ለይታ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልሃለች። ለአንተ ትኩስ ወተት፣ ለእኔ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ። ድንቹን እየላጥሁ በወተትህ ላይ የሚሠራውን ስልባቦት አየዋለሁ። ጾም በዓይን የሚገደፍ ከሆነ ስንት ረቡዕ እንደገደፍሁ የንስሐ አባቴም አልሰሙም።

ወተቱ እንኳ ቀላሉ ነው። እኔ አውንጊ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ተማሪ ሳለሁ የገጠር ቃል ሲያመልጠኝ ልጆች ይስቁብኝ ነበርና፣ እሷ በአውንጊ ስትጠራኝ በአማርኛ መመለስ ጀመርሁ። እሷም ሳትቆጣ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ቋንቋ መጣች። አንተ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሷ ጋር በአውንጊ መቀለድ ቻልህ። አንድ ቀን ከበር ስደርስ ሁለታችሁ በሳቅ ስትንከተከቱ ሰማሁ። ስገባ ሁለታችሁም ለእንግዳ እንደሚደረገው ወደ አማርኛ ዞራችሁ። በገዛ ቤቴ!

ከሁሉ የባሰው ግን የቫይረሱ ነገር ነው። ይህን አንተ አታውቀውም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እማዬ ሰረቅ አድርጋ አየችኝና «ዛሬስ ቫይረስ ነበረበት?» አለችኝ። እናቴ ናት እንዲህ የምትለኝ፤ ስልክ ሲጮህ ሰው ካላነሳላት የማታነሳዋ እናቴ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኋት። «ጢሞ» አለች። ከአንተ ተርፋ የቀረችኝን አንዲት ነገር፣ ሥራዬን፣ እሷንም ወስደህ ከእናቴ ጋር መሳሳቂያ ያደረግሃት መሰለኝ። «የማታውቂውን አታውሪ» ብያት ራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም።

በ2006 መጨረሻ ለትምህርት ባሕር ዳር ስትሄድ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስትፈትለው የከረመችው ጋቢ ለእኔ መስሎኝ ሳለ፣ መናኸሪያ ላይ አንተን ስታለብስህ አየሁ። «ባሕር ዳር እኮ ሙቀት ነው» አልኋት። «ማታ ማታ ይበርዳል» አለችኝ። ከሄድህ በኋላም ገና ከበር ስገባ «ጢሞ ደወለ?» ትለኛለች፤ «በላህ?» የሚለው ሁለተኛ ሆነ። አንተ የተውኸውን ኮምፒውተር ለሱቁ ሥራ ልጠቀምበት ብዬ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን አዲሱን ሊኑክስ ስጭንበት፣ ቃላት የምትመዘግብበት ያ ያረጀ ፕሮግራም አብሮ ጠፋ። ቃላቱ ያሉበትን ፎልደር ግን አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት አሁንም በደንብ አላውቅም።

በጥር ከዋሸሁህ በኋላ ነገሩ ይረሳኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ፎልደሩ ዓይኔ ላይ ተተከለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር? ለእኔ ያልነገረችኝን ምን ነገረችህ? አንተን ልርዳ ብዬ የተነሣሁ እንዳይመስልህ፤ ልሰልላችሁ ነው የተነሣሁት። ችግሩ ጽሑፉንም ድምፁንም ጠቅልሎ የያዘው ፋይል ከዚያ ፕሮግራም በቀር ለማንም አይከፈትም። ስለዚህ በእጅ ጽሑፍህ «እንዳይጣል» ያልህበትን ሲዲ ከመሳቢያ አወጣሁና ፕሮግራሙን እንደገና ልጭነው ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ ስከፍተው ዝም አለኝ። እንዲሠራ ፈቃድ አልተሰጠውም ነበር፤ ፈቃዱን ሰጠሁት። ሁለተኛ ስሞክር «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ፋይሉ ፊቴ ተቀምጧል፣ ስሙን አነበዋለሁ፣ ማሽኑ የለም ይለኛል። ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ማሽን ብዬ ልሰድበው ስል በጥር ያልሁህ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። ሙሉ ቀን ፈልጌ ነው ምክንያቱን ያገኘሁት። ፕሮግራሙ ለድሮው ባለ 32 ቢት ማሽን የተሠራ ነው፤ የጫንሁት ሊኑክስ ባለ 64 ነው። የድሮውን የሚያስተናግደው ጥቅል ስላልነበረ ነው ያለውን የለም የሚለኝ። ጥቅሉን ለማውረድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የእኛን ኔትወርክ ታውቀዋለህ።

ሦስተኛ ስሞክር ደግሞ አንድ ያረጀ ላይብረሪ አምጣ አለኝ፤ ያለ እሱ ድጋፍ ፕሮግራሙ አይነሣም። ሊኑክሱ ላይ ያለው አዲሱ ነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የለመደውን ካላገኘ አልንቀሳቀስም አለ። ትዕግሥቴ አለቀ። አዲሱን አውጥቼ አሮጌውን በቦታው ላስገባ አዘዝሁ። ማሽኑ አብረው የሚወገዱትን ነገሮች እስከ ገጹ ግርጌ ደረደረልኝና፣ የምርህን ከሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ሳታጎድል ጻፍ አለኝ፦ «አዎ፣ ያልሁህን አድርግ!»

አንተ ከሄድህ በኋላ ጽሕፈቱን የያዘችልኝ ውቢት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። «ይህን ያህል ከለመነህ ብትተወው አይሻልም?» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት ያልሁትን ያደረገልኝ ሰው አልነበረም። እንደታዘዝሁት ጻፍሁለት። እሱም ያልሁትን አደረገ። መስኮቶቹ ጠፉ፣ ምስሉ ጠፋ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ስትል ቀረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ኮምፒውተሩን ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ያችው ሰረዝ።

እውነቴን ነው፣ ያኔ ደነገጥሁ። ተቃጠለ ያልሁህ ማሽን አሁን የምር ሞተ። የሦስት ዓመት ድካምህ ውስጡ ነው፣ የእናቴ ድምፅ ውስጡ ነው። ያንን ማሽን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዋሸሁት ሰው ነው። ውቢት «ለጢሞቲዎስ ለምን አትደውልለትም?» ስትለኝ ጮህሁባት። ሁለት ቀን ከኩራቴ ጋር ስታገል ሰነበትሁና በሦስተኛው ደወልሁልህ።

«የአንድ ደንበኛ ኮምፒውተር ነው» አልሁህ።

«የደንበኛ?»

«አዎ፣ ከዳንግላ የመጣ ነው። አሮጌ ፕሮግራም ልጭን ብሎ አበላሽቶታል።»

«ዳንግላም ሊኑክስ ገባ በለኛ» አልህ። ከዚያ «በል ስክሪኑ ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር አንብብልኝ» አልኸኝ።

ኔትወርኩ አራት ጊዜ ተቋረጠ። አራቱንም ጊዜ መልሰህ የደወልኸው አንተ ነህ። «ያንን ዓረፍተ ነገር ጤነኛ ሰው ይጽፈዋል?» እንድትለኝ ስጠብቅ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደብኸኝም።

«ለመጠገን አትቸኩል» አልኸኝ። «በፍላሽ ሌላ ሊኑክስ አስነሣና መጀመሪያ ሰውየው የሚፈልገውን ፎልደር ወደ ውጭ ገልብጥለት። አይዞህ፣ ፋይሎቹ አልጠፉም። ቤቱ ፈረሰ እንጂ ዕቃው አለ።»

«እሺ።»

«ፍላሹን ከኋላ በታች በኩል ሰካው። የፊቱ አይሠራም።»

«እሺ» ብዬ ከኋላ ሰካሁት።

«ከገለበጥህ በኋላ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጫነው። አሮጌውን ላይብረሪ ግን ሁለተኛ ሲስተሙ ውስጥ እንዳታስገባው። ከሲዲው ላይ ገልብጠህ እዚያው ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠውና፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ከዚያ እንዲያነብ እዘዘው። ዋኘው፣ እንግዳ መጣ ተብሎ ባለቤት ከቤት አይወጣም። ለእንግዳው ጓዳ ታነጥፍለታለህ፣ ሁለቱም ያድራሉ።»

እንዳልኸኝ አደረግሁ። ፎልደሩ ሳይጎድል ወጣ። ሊኑክሱን ጫንሁ፣ ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ ጎን አስቀመጥሁ፣ አዘዝሁት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያ ግራጫ መስኮት ተከፈተ። 1,743 ቃል። የመጀመሪያው የፈረሱ እግር ገመድ ነው። ተጫንሁት፤ የእማዬ ድምፅ፣ ከዚያ ያንተ ስሕተት፣ ከዚያ የእሷ ሳቅ ሱቁን ሞላው። ውቢት ጽሕፈቷን አቁማ ዞረች።

ዓርብንም ቅዳሜንም ስሰልል ዋልሁ። ግማሹ ስለማይገባኝ እየመለስሁ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ እየሰማሁ። ምን አገኘሁ መሰለህ? ሣር። የሣር ዓይነት፣ የቀንበር ክፍል፣ ለከብት ቁስል የሚሆን ቅጠል፣ በጥርባ ሐይቅ በኩል ሲጠቁር የሚዘንበውና የማይዘንበው ደመና። ስትሳሳት «የለም፣ ልጀ፣ እንዲህ በል» ትልሃለች፤ እንደገና ስትሳሳት እንደገና። እኔን በዚያ ትዕግሥት አርማኝ አታውቅም ብዬ ተናደድሁ። የሚታረም ነገር ከአፌ አውጥቼላት እንደማላውቅ ያሰብሁት ቆይቼ ነው።

ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «የእማማ ጥያቄዎች» ብለህ ለብቻ የለየሃቸው አሉ። ሃያ ስድስት ናቸው፣ የአውንጊ ቃላትም አይደሉም። ቫይረስ፣ ፓስወርድ፣ ፎርማት፣ ኔትወርክ። አንተ በአውንጊ ታስረዳታለህ፣ እሷ ደግሞ በራሷ አባባል መልሳ ትነግርሃለች። ቫይረስን «እህል ውስጥ ገብቶ ሳይታይ የሚበላ ነቀዝ» አለችው። ፎርማት አልገባ ብሏት ሁለታችሁም ደከማችሁ። በመጨረሻ «አሃ! ማሳው በአረም ሲወረስ ገልብጦ አርሶ እንደ አዲስ መዝራት ነዋ!» አለች። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ያን ያህል አጥርቼ አስረድቼ አላውቅም።

የመጨረሻውን ቅጂ ሰባት ጊዜ ሰማሁት። «እማማ እቴናት፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?» ብለህ ትጠይቃታለህ። ከውጭ ፈረሱ ሲያሽካካ ይሰማል። ከዚያ የመለሰችልህን ወደ አማርኛ ሳመጣው ይጎድልብኛል፣ ቢሆንም እንዲህ ነው የምትለው፦ «ዋኘው ሲገባ ምን ስትሠራ ዋልህ እለዋለሁ። 'ሥራ' ይለኛል። አንዲት ቃል ናት፣ በእሷ ላይ ምን እጨምራለሁ? የሥራውን ስም ባውቅለት ሁለተኛ እጠይቀው ነበር። እሱ እኔ ወዳለሁበት አልመጣም፤ እኔ ልሂድለት ብዬ ነው።»

ቀኑን አየሁት። ረቡዕ ነው። «ዛሬስ ቫይረስ ነበረበት?» ያለችኝ በማግሥቱ ነበር። ጢሞቲዎስ፣ እኔ የምትሰርቀኝ መስሎኝ ስንገበገብ፣ እሷ ለካ በአንተ በኩል ወደ እኔ ስትመጣ ኖራለች። ደጄ ድረስ መጥታ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ውቢት «ምን ሆንህ?» ስትለኝ «የፎቶኮፒው ቀለም ዓይኔ ገባ» አልኋት። ውሸት ለምዶብኛል።

ፍላሹን ልነቅል ከማሽኑ ኋላ ጎንበስ ስል ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። የፊቱን ሽቦ አይጥ የበላችው አንተ እዚህ ሳለህ ነው። አብረን ከፍተን አየነው፤ «ተወው፣ የኋላው ይበቃናል» ያልኸውም አንተ ነህ። የዳንግላ ደንበኛ ኮምፒውተር የፊቱ ቀዳዳ እንደማይሠራ በምን አወቅህ? አውቀህ ነበር። ምናልባት ከዚያ ከጥር ወሩ መብረቅ ጀምሮ አውቀሃል። እያወቅህ አራት ጊዜ መልሰህ ደወልህ፣ ሥራህን በደበቅሁብህ በእኔ በራሴ እጅ አዳንኸው፣ ከአፍህም አንድ ክፉ ቃል አልወጣም። ይህንንም ቀናሁብህ። በአንተ ቦታ ብሆን እኔ አላደርገውም ነበር።

ይቅር በለኝ። ደብዳቤውን ቃላቱ ካሉበት ሃርድ ዲስክ ጋር የሚኒባሱ ሾፌር ትዕዛዙ ያደርስልሃል። ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ እኔ ዘንድ ይቀራል፣ አንተ ቢጠፋብህ ከእንግዲህ መብረቅ አይመታውም። ፕሮግራሙንና አሮጌውን ላይብረሪም አንድ ላይ አድርጌልሃለሁ። ለጽሑፍህ ማስረከቢያ አንድ ወር እንደቀረህ ሰምቻለሁ፤ ጊዜህን በልቼብሃለሁና የሚተየብ ካለ ላክልን፣ ውቢትም እኔም እንይዛለን።

አሁን የትናንቱን ልንገርህና ላብቃ። ትናንት ረቡዕ ነበር። ለምሳ ቤት ሄድሁ፤ ሁዳዴ ነውና ያው ድንቹ ቀረበልኝ። እማዬ «ጢሞ ደወለ?» አለችኝ። «ደውሏል፣ ደኅና ነው» አልኋት። ከዚያ ሦስት ቀን ከቅጂህ ላይ ሳጠናው የሰነበትሁትን፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ስለፈልፈው የነበረውን፣ በአውንጊ አወጣሁት። «በዚህ ሳምንት ማሳውን ገልብጬ አርሼ እንደ አዲስ ዘራሁ» አልኋት።

እጇ ድንቹ ላይ ቀረ። ያልሰማች መስሎኝ ደገምሁት። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ያኔ ሳቀች፤ በፈረሱ ገመድ ቀን የሳቀችውን ሳቅ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ጢሞ ካንተ አጥርቶ ይለዋል» አለችኝ።

እንደገና ቀናሁ፤ አልዋሽህም። ግን ድንቹን አስቀምጣ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ በአውንጊ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከዚያስ?»

ኩባያህ ከነጨርቁ አለ። ስትመጣ ረቡዕ ይሁን።

እስካሁንም የሚቀናብህ ወንድምህ፣
ዋኘው